«ከጠንካራው ጀምር» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ሦስት የማውቃቸው ሰዎች በተለያየ ቀን አንድ ዓይነት ጽሑፍ ላኩልኝ። ሁለቱ «እውነት ነው እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። ሦስተኛው ግን አልጠየቀም። «እኔስ ምን ብዬ ነበር!» ብሎ ነው የላከው። ይህን ምላሽ የምጽፈው በተለይ ለእሱ ነው።

የጽሑፉ ሐሳብ ባጭሩ እንዲህ ነው። ሐኪሞች ከቀላል አንቲባዮቲክ ጀምረው ወደ ከባዱ የሚወጡት በልማድ ነው፤ ይህ ልማድ በሽተኛውን ያንገላታል። በመጀመሪያው ቀን «ጠንካራውን» ቢሰጡት ቶሎ ይድናል። ጀርሙም መድኃኒቱን ለመልመድ ፋታ አያገኝም። ከዚህ ተነስተው ጸሐፊው ለጉሮሮ፣ ለሳል፣ ለሽንት፣ ለተቅማጥ ምን መውሰድ እንደሚሻል ይዘረዝራሉ። አጻጻፋቸው ያምራል። ወረፋ ጠብቆ፣ መድኃኒት ወስዶ፣ ሳይሻለው የተመለሰ ሰው ምሬት አለበት። ምሬቱ ይገባኛል። እኔ ራሴ ሐኪም ሆኜ እንደ በሽተኛ ወረፋ ስጠብቅ እማረራለሁ። ምክሩ ግን አብዛኛው ስህተት ነው። ነጥብ በነጥብ ልሂድበት።

«ጠንካራ አንቲባዮቲክ እያለ ለምን በደካማው ይጀመራል?»

መጀመሪያ ይህን «ጠንካራ» የሚል ቃል እንፍታው። የጽሑፉ ሌላ ክፍል ሁሉ የቆመው እሱ ላይ ነው። እኔም «ዶክተር፣ ጠንከር ያለ ይዘዙልኝ» ሳልባል የዋልኩበት ቀን ጥቂት ነው።

ሰው ይህን ሲል በሐሳቡ አንድ መሰላል አለ። ታች አሞክሳሲሊን፣ መሃል ላይ ኦግመንቲን፣ ከፍ ብሎ ሴፍትሪአክሶን፣ ጫፉ ላይ ቫንኮማይሲን። እንዲህ ያለ መሰላል የለም። አንቲባዮቲኮች በዋናነት የሚለያዩት በሁለት ነገር ነው። የትኞቹን ባክቴሪያዎች ይነካሉ? የትኛው የሰውነት ክፍል ውስጥስ በበቂ መጠን ይደርሳሉ? «ሰፊ» የሚባል መድኃኒት ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ ይነካል ማለት ነው። እያንዳንዱን ከሌላው አብልጦ ይመታል ማለት አይደለም።

ስታፊሎኮከስ ኦሪየስን እንውሰድ። ቆዳን የሚያመግል፣ አጥንት ውስጥ የሚገባ፣ ሲብስም ደም ውስጥ የሚሰራጭ ባክቴሪያ ነው። የመሰላሉ ሰዎች ወዲያው ቫንኮማይሲን ይላሉ። ነገር ግን ጀርሙ ክሎክሳሲሊን በሚባለው የቆየ የፔኒሲሊን ዘመድ የሚሞተው ዓይነት ከሆነ ክሎክሳሲሊን ወይም ሴፋዞሊን ከቫንኮማይሲን ይበልጣል። ቫንኮማይሲን ይህን ጀርም የሚገድለው ቀስ ብሎ ነው። ጀርሙ ደማቸው ውስጥ የገባባቸው ሰዎች በቫንኮማይሲን ብቻ ሲታከሙ ውጤታቸው የከፋ ሆኖ ታይቷል። «ደካማው» እዚህ ቦታ ላይ ያሸንፋል።

ጸሐፊው «ሁሉን ጠራጊ» የሚሉት ሴፍትሪአክሶንስ? አይጠርግም። ኢንቴሮኮከስን አይነካም። ሱዶሞናስን አይነካም። በአራስ፣ በነፍሰ ጡርና በአዛውንት ላይ ማጅራት ገትር የሚያመጣውን ሊስቴሪያን አይነካም። ማይኮፕላዝማ የሚባለውን የሳንባ ምች አምጪ ደግሞ ጭራሽ ሊነካው አይችልም። ሴፍትሪአክሶን የሚሠራው የባክቴሪያውን ግድግዳ በማፍረስ ነው፤ ማይኮፕላዝማ ግድግዳ የሚባል ነገር የለውም። የሌለ ግድግዳ አይፈርስም። ለዚህ ጀርም የቆየው ዶክሲሳይክሊን ይሻላል።

እንግዲህ የመጀመሪያውን መድኃኒት ስንመርጥ የምንጠይቀው ሌላ ነው። ሕመሙ የት ነው ያለው? እዚያ ቦታ ላይ አዘውትረው የሚገኙት ባክቴሪያዎች የትኞቹ ናቸው? በሽተኛው በሚኖርበት አካባቢ አሁንም የሚሠራባቸው መድኃኒት የትኛው ነው? ሰውየውስ ማነው፤ ሕፃን ነው፣ ነፍሰ ጡር ናት፣ ኩላሊቱ የደከመ ነው፣ ባለፉት ሦስት ወራት አንቲባዮቲክ ወስዷል? ካልቸር፣ ማለትም ጀርሙን ላብራቶሪ ውስጥ አብቅሎ የመለየት ምርመራ፣ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሦስት ቀን ይፈጃል። እስከዚያ የምንሠራው በግምት ነው። ግን ግምቱ ከእነዚህ ጥያቄዎች የተነሳ ግምት ነው፤ ጸሐፊው እንዳሉት ልማድ ብቻ አይደለም። (ልማድ ብቻ የሆነበት ቦታ የለም አልልም። አለ። እሱን ከሐኪሞች ጋር እጨቃጨቅበታለሁ።)

«ጀርሙ ለመልመድ ፋታ አያገኝም»

ይህ አረፍተ ነገር አደገኛ የሚሆነው ግማሽ እውነት ስላለበት ነው። መጠኑ ያነሰ መድኃኒት ጀርሙ እንዲለምደው ያግዛል። ፔኒሲሊንን በ1928 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ራሱ በ1945 የኖቤል ንግግሩ ላይ ይህንኑ አስጠንቅቋል። ከመጠን ያነሰ ፔኒሲሊን የሚወስድ ሰው ጀርሙን አይገድለውም፤ መቋቋምን ያስተምረዋል። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» የሚለው ተረት ለዚህ የተባለ ይመስላል።

መጠንና ስፋት ግን ለየቅል ናቸው። ጸሐፊው የሚያስቡት ሕመሙን ያመጣውን አንድ ጀርም ብቻ ነው። መድኃኒቱ ግን መታወቂያ እያየ አይመታም። አንጀታችን ውስጥ በትሪሊዮን የሚቆጠሩ ባክቴሪያዎች አሉ። ለጉሮሮ የተዋጠ ክኒን እነሱንም ያገኛቸዋል። መድኃኒቱ የሚገድላቸው ይሞታሉ፤ የሚቋቋሙት ይተርፋሉ፤ ባዶውን ቦታ ወርሰው ይራባሉ። የመቋቋሚያ ዘረመላቸውንም ለሌላ ዓይነት ባክቴሪያ ያካፍላሉ። መድኃኒቱ በሰፋ ቁጥር ይህ ግርግር ይሰፋል። ሰውየው ጉሮሮው ድኖ ሊሆን ይችላል። ከወራት በኋላ ሽንቱን ሲያመው ግን የሚመጣበት ያ የተረፈው ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል።

አንዳንዴም ወራት መጠበቅ አያስፈልግም። አንጀት ውስጥ የነበሩት ሲጠረጉ ክሎስትሪዲየም ዲፊሲል የሚባለው ቦታውን ይይዝና ከባድ ተቅማጥ ያመጣል። ክሊንዳማይሲን፣ ሴፍትሪአክሶንና እሱን የመሳሰሉት፣ እንዲሁም የእነ ሲፕሮ (ሲፕሮፍሎክሳሲን) ቤተሰብ በዚህ ዋና ተጠርጣሪዎች ናቸው።

ነገሩ የግል ጉዳይ ብቻም አይደለም። በ2022 የታተመ ትልቅ ዓለም አቀፍ ጥናት በ2019 ብቻ 1.27 ሚሊዮን ሰዎች መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች በቀጥታ እንደሞቱ ገምቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 አንቲባዮቲኮችን በሦስት ምድብ የከፈላቸውም በዚህ ምክንያት ነው። የመጀመሪያው ምድብ ለተለመዱ ሕመሞች ቀድመው የሚሰጡት ነው፤ አሞክሳሲሊን፣ ዶክሲሳይክሊን፣ ናይትሮፉራንቶይን እዚህ አሉ። ሁለተኛው በጥንቃቄ የሚሰጡት ነው፤ ሴፍትሪአክሶን፣ ሲፕሮ፣ አዚትሮማይሲን። ሦስተኛው ሌላው ሁሉ ሲከሽፍ የሚወጣው መጠባበቂያ ነው። የጽሑፉን ምክሮች ከዚህ ጋር አስተያየኋቸው። ጸሐፊው ለመጀመሪያ ቀን ያሉት አብዛኛው ከሁለተኛው ምድብ ነው።

«ትኩሳትና አረንጓዴ አክታ ካለ ባክቴሪያ ነው፤ አትጠራጠር»

እጠራጠራለሁ። የአክታው አረንጓዴነት የሚመጣው ከራሳችን ነጭ የደም ሴሎች ነው። ጀርም የሚገድሉበት አንድ ኢንዛይም አላቸው፤ ብረት የያዘ፣ ቀለሙ አረንጓዴ። ነጭ የደም ሴሎች በቫይረስ ጊዜም ይዘምታሉ። ተራ ጉንፋን የያዘው ሰው ንፍጥ በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ወፍሮ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ይሆናል። ይህ የጉንፋኑ መንገድ ነው።

ሳልም እንዲሁ። ደረት ላይ የወረደ ጉንፋን፣ ሐኪሞች ብሮንካይተስ የሚሉት፣ በአማካይ 18 ቀን ገደማ ያስላል። ሰው ግን በሳምንት ይለቀኛል ብሎ ይጠብቃል። በስምንተኛው ቀን ይጨንቀዋል፣ አንቲባዮቲክ ይጀምራል፣ በአሥራ አምስተኛው ቀን ይሻለዋል። ምስጋናው ለማን ሄደ? ለክኒኑ። ሳይወስድም ይሻለው ነበር። «ወስጄ ድኛለሁ» የሚለው ምስክርነት አብዛኛው እንዲህ የተገኘ ነው፤ ጽሑፉ ውስጥ ያሉት ሦስት ምስክርነቶችም ከዚህ አያልፉም።

ታዲያ በምን ይለያል? ለጉሮሮ አራት ነገር እናያለን። ትኩሳት አለ? ቶንሲሉ ላይ ነጭ ነገር ወይም መግል አለ? አንገት ፊት ለፊት ያሉት ዕጢዎች አብጠው ሲነኩ ያማሉ? ሳልስ የለም? ሳልና ንፍጥ መኖሩ ወደ ቫይረስ ያዘነብላል። ከአራቱ አንዱም ከሌለ ወይም አንዱ ብቻ ካለ አንቲባዮቲክ አያስፈልግም። ሦስት አራቱ ካሉ የጉሮሮ ምርመራ ወይም ሕክምና ይታሰባል። ጉሮሮ ካመማቸው አዋቂዎች ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ዋናው የጉሮሮ ባክቴሪያ የሚገኘው ከአሥሩ በአንዱ ገደማ ነው፤ በልጆች ከፍ ይላል፣ ከአሥር ሁለት ሦስቱ።

ለሳል ደግሞ የሚያሳስበን አተነፋፈሱ እንጂ ቀለሙ አይደለም። ልጅ ከሆነ ትንፋሹን ሙሉ አንድ ደቂቃ እንቆጥራለን። ከ2 እስከ 11 ወር ላለ ሕፃን በደቂቃ 50 ወይም ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ 40 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። ሳል ያለበት ልጅ እንዲህ ከተነፈሰ የሳንባ ምች እንጠረጥራለን። ለዚህ ሰዓት ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ጸሐፊው ስለ አክታ ቀለም ሁለት አንቀጽ ጽፈው ስለ ትንፋሽ አንድ ቃል አላነሱም።

«አሞክሳሲሊን ዘመኑ አልፎበታል»

እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። አሞክሳሲሊን ያለአግባብ ስሙ የጠፋ መድኃኒት ነው።

አንዳንድ ቦታ ላይ በእርግጥ አይሠራም። ለሽንት ኢንፌክሽን ብዙ ቦታ ከሽፏል፤ ዋናው አምጪ፣ ኢ ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ፣ ለምዶታል። ለስታፊሎኮከስም አይሆንም። ጸሐፊው ይህን ብቻ ቢሉ አጨበጭብላቸው ነበር። እሳቸው ግን ለጉሮሮና ለሳንባ ምችም አታስቡት አሉ።

ጉሮሮን የሚያጠቃው ግሩፕ ኤ ስትሬፕቶኮከስ ፔኒሲሊን ሥራ ላይ ከዋለ ጀምሮ፣ ከሰማኒያ ዓመት በኋላም፣ ፔኒሲሊንን አልለመደም። ባክቴሪያ ሁሉ መድኃኒት በሚለምድበት ዘመን ይህ ተአምር ሊባል ምንም አይቀረው። ጸሐፊው በምትኩ የሚመክሩትን አዚትሮማይሲንን ግን ይኸው ጀርም ብዙ ቦታ ለምዶታል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በደንብ ያልታከመ የስትሬፕቶኮከስ ጉሮሮ በልጅነት የሩማቲክ ትኩሳት ሊያመጣ ይችላል፤ እሱም የልብ ቫልቭን ያበላሻል። የሚሠራውን ትቶ የማይሠራውን «ጠንካራ ነው» ብሎ መስጠት ዋጋው ይህ ሊሆን ይችላል።

የሳንባ ምችም ሌላ ታሪክ አይደለም። ዋናው አምጪ ኒሞኮከስ ነው። ኒሞኮከስ ፔኒሲሊንን በከፊል የሚለምደው መድኃኒቱ የሚያርፍበትን ቦታ ቅርጽ በመለወጥ ነው። ይህን አብዛኛውን ጊዜ መጠን ከፍ በማድረግ ማለፍ ይቻላል። ለዚህ ነው ለአዋቂ ቀለል ያለ የሳንባ ምች 1 ግራም በየ8 ሰዓቱ የሚታዘዘው፤ ድሮ የለመድነው 500 ሚሊግራም አይደለም። ለልጆችም የዓለም ጤና ድርጅት የመጀመሪያ ምርጫ አሁንም አሞክሳሲሊን ነው፤ በክብደት ተሰልቶ፣ በቀን ሁለት ጊዜ። «አሞክሳሲሊን ወስጄ አልሠራልኝም» የሚለኝን አዋቂ መጀመሪያ የምጠይቀው ስንት ሚሊግራም በስንት ሰዓት ልዩነት እንደወሰደ ነው። መልሱ ብዙ ጊዜ «ጠዋትና ማታ አንዳንድ» ነው። አሞክሳሲሊን ከሰውነት ቶሎ ይወጣል። የሚሠራውም ባክቴሪያው ላይ በቂ ሰዓት ሲቆይበት ነው። ባነሰ መጠን አራርቆ ወስዶ መድኃኒቱን መውቀስ ተገቢ አይደለም።

ኦግመንቲንስ? «አሞክሳሲሊን ሲደመር ጉልበት» ነው ይላሉ ጸሐፊው። የተጨመረው ነገር ክላቩላኔት ይባላል። ሥራው አንድ ነው፤ አንዳንድ ባክቴሪያዎች አሞክሳሲሊንን የሚቆርጡበትን ኢንዛይም ማክሸፍ። ስትሬፕቶኮከስና ኒሞኮከስ ይህ ኢንዛይም የላቸውም። ስለዚህ በነሱ ላይ ክላቩላኔት የሚጨምረው ተቅማጥ ብቻ ነው። ኢንዛይሙን የሚያመነጭ ጀርም በሚጠረጠርበት ቦታ፣ ለምሳሌ በእንስሳ ወይም በሰው ንክሻ፣ ወይም በአሞክሳሲሊን ታክሞ በተመለሰ የጆሮ ሕመም፣ ኦግመንቲን ቦታው ነው። እዚያ እኔም አዝዘዋለሁ።

ጆሮን ካነሳን፣ ሁለት ዓመት ያለፈው፣ አንድ ጆሮውን ብቻ ቀለል አድርጎ ያመመው ልጅ ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው የሕመም ማስታገሻና 48 ሰዓት ነው። ካልተሻለው ያኔ አሞክሳሲሊን ይጀመራል።

«ለሽንት ሲፕሮ፤ ሌላው ጊዜ ማጥፋት ነው»

ከጽሑፉ ሁሉ ያናደደኝ ይህ ነው። ሲፕሮ ጥሩ መድኃኒት ነው። ጥሩ ስለሆነ ነው ለቀላል ነገር መባከን የሌለበት። ብዙ ቦታም ከወዲሁ አባክነነዋል።

ሽንት ሲሸኑ የሚያቃጥላት፣ ቶሎ ቶሎ የሚያመላልሳት፣ ትኩሳት የሌላት፣ ነፍሰ ጡር ያልሆነች ሴት የያዛት የፊኛ ኢንፌክሽን ነው። ከአሥሩ ስምንት ያህሉን የሚያመጣው ኢ ኮላይ ነው። ለዚህ ናይትሮፉራንቶይን ለ5 ቀን ይበቃል። መድኃኒቱ ከ1953 ጀምሮ አለ፤ ኢ ኮላይ ግን እስካሁን ብዙም አልለመደውም። ባሕርይው ይገርማል። ደም ውስጥ እምብዛም አይከማችም፤ በኩላሊት አልፎ ሽንት ውስጥ ይጠራቀማል። ፊኛ ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ ያገኘዋል፤ ሌላውን ሰውነት ብዙም አይነካካም። ሌላው ምርጫ ፎስፎማይሲን ነው፤ 3 ግራም አንድ ጊዜ ተጠጥቶ ያልቃል። ኮትሪሞክሳዞልም ለ3 ቀን ይሆናል፣ በአካባቢው ከአምስቱ ኢ ኮላይ አንዱ ካልለመደው።

ይኸው ባሕርይ ናይትሮፉራንቶይንን ሌላ ቦታ የማይጠቅም ያደርገዋል። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ጎን ላይ ሕመም፣ ማስመለስ ካለ ጀርሙ ኩላሊት ደርሷል። እዚያ ናይትሮፉራንቶይን አይደርስም። ወንድ ላይ ፕሮስቴት ተነክቶ ከሆነም አይደርስም። የእነዚህ ሕክምና ሌላ ነው፤ ሲፕሮም እዚያ ቦታ አለው፣ ካልቸር ከተላከ በኋላ። አያችሁ? ያው ኢ ኮላይ፣ ያው ሰው፣ ቦታው ሲለወጥ ምርጫው ተለወጠ። «ጠንካራ» የሚለው ቃል ይህን ሊያስረዳ አይችልም።

የሲፕሮ ቤተሰብ ጉዳትም አለው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2008 ጅማት ሊያስቆጣና ሊበጥስ እንደሚችል በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ በጥቁር ሳጥን እንዲጻፍ አዘዘ። በ2016 ደግሞ ሌላ አማራጭ ላለው ሰው ለቀላል የሽንት ኢንፌክሽን፣ ለሳይነስና ለብሮንካይተስ እንዳይሰጥ መከረ። ለሦስት ቀን የሽንት ማቃጠል ተብሎ የቁርጭምጭሚትን ጅማት አደጋ ላይ መጣል ምን አመጣው?

ጸሐፊው አክለውም «ምልክት ባይኖርም ሽንትህ ውስጥ ባክቴሪያ ከታየ ታከም» ይላሉ። አይሆንም። በተለይ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ሽንት ውስጥ ባክቴሪያ ያለ ምንም ሕመም ይኖራል። ነፍሰ ጡር ካልሆነች ወይም የሽንት ቧንቧ ቀዶ ሕክምና ካልተቃረበ በስተቀር አይታከምም። ወረቀት ማከም ይሆናል።

«መርፌ ከክኒን ይበልጣል»

መርፌ ቶሎ ደም ውስጥ ይገባል፤ እውነት ነው። ከዚያ በኋላ ጀርሙ መድኃኒቱ በየት በኩል እንደመጣ አያውቅም። ሜትሮኒዳዞል፣ ዶክሲሳይክሊን፣ ሌቮፍሎክሳሲን፣ ሊኔዞሊድ ሲዋጡ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ወደ ደም ይገባሉ። በ2019 የታተሙ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች ነገሩን ይበልጥ ግልጽ አደረጉት። አንዱ የአጥንትና የመገጣጠሚያ ኢንፌክሽን፣ ሌላው በመርፌ ከተረጋጋ በኋላ የልብ ቫልቭ ኢንፌክሽን ላይ የተሠራ ነው። በሁለቱም ወደ ክኒን የተዛወሩት በመርፌ ከቀጠሉት አላነሱም። አጥንትና ልብ ላይ ከሠራ ጉሮሮ ላይ ምን ያቅተዋል?

መርፌ የሚያስፈልገው ሰው አለ። የሚያስመልሰው፣ ራሱን የሳተ፣ ግፊቱ የወደቀ፣ ማጅራት ገትር የተጠረጠረበት። በነገራችን ላይ ያ የመሰላሉ ጫፍ ላይ ያለው ቫንኮማይሲን ሲዋጥ ከአንጀት አልፎ ደም ውስጥ አይገባም። እንዲህም ሆኖ ለክሎስትሪዲየም ዲፊሲል ተቅማጥ የሚሰጠው ተውጦ ነው፤ እዚያ የሚፈለገው አንጀት ውስጥ መቅረቱ ስለሆነ።

«ባለ ሦስት ቀኑ ጠንካራ ስለሆነ ነው ቶሎ የሚያልቀው» እና «ያም ሆነ ይህ ከአሥር ቀን በታች አትውሰድ»

እነዚህ ሁለት ምክሮች ጽሑፉ ውስጥ በአንድ ገጽ ላይ ናቸው። ጸሐፊው ከራሳቸው ጋር ቢታረቁ ጥሩ ነበር።

አዚትሮማይሲን ሦስት ቀን የሚወሰደው ከሰውነት ቀስ ብሎ ስለሚወጣ ነው። መጠኑ በግማሽ እስኪቀንስ 68 ሰዓት ያህል ይፈጃል። የመጨረሻዋን ክኒን ከዋጡ በኋላም ለቀናት እየሟሸሸ ይቆያል። ይህ ለበሽተኛው ምቹ ነው። ለባክቴሪያውም ምቹ ነው፤ ያ ቀስ እያለ የሚሳሳው መጠን መልመጃ ሜዳ ይሆነዋል።

አሥር ቀን የሚለው ደግሞ ከድሮ የመጣ ቁጥር ነው። የሩማቲክ ትኩሳት ስጋት ባለበት ቦታ ለስትሬፕቶኮከስ ጉሮሮ 10 ቀን ፔኒሲሊን አሁንም ይሰጣል። ለሳንባ ምች ግን በሽተኛው እየተሻለው ከሆነ 5 ቀን ይበቃል። ቲቢ ወራት ይፈልጋል፤ እሱ ሌላ ዓለም ነው። ቁጥሩ እንደ ሕመሙ ነው። ሐኪሙ 5 ቀን ካለ 5 ቀን ውሰድ፤ በራስህ አታሳጥር፣ በራስህም አታስረዝም። የተረፈውንም ለሚቀጥለው ጉንፋን አታስቀምጥ።

ስለ ተቅማጥና ስለ አለርጂ የተባለውን በአጭሩ ልለፈው። ውሃ የሆነ ተቅማጥ ሕክምናው ኦአርኤስ ነው፤ ለልጆች ዚንክም ይጨመራል። ከትኩሳት ጋር ደም የቀላቀለ ከሆነ፣ ወይም ከባድ ኮሌራ ከሆነ አንቲባዮቲክ ይታሰባል። ሜትሮኒዳዞልን ለተቅማጥ ሁሉ መዋጥ የትም አይጻፍም። «አንዴ ሽፍ ካለብህ ዕድሜ ልክህን ፔኒሲሊን አትንካ» የሚለውም ለብዙ ሰው ልክ አይደለም። የፔኒሲሊን አለርጂ አለብኝ ከሚሉት መካከል በምርመራ ሲጣራ ከአሥሩ ዘጠኙ የለባቸውም። በልጅነት በቫይረስ የመጣ ሽፍታ ነው ብዙ ጊዜ በመድኃኒቱ የሚሳበበው። እውነተኛው አለርጂ ግን ይገድላል። ስለዚህ በራስ አይሞከርም፤ ሐኪም ያጣራዋል።

ጸሐፊው ልክ የሆኑበት አንድ ቦታ አለ፤ ልክደውም አልፈልግም። በጠና የታመመ ሰው አይጠበቅም ይላሉ። ትክክል። ኢንፌክሽን ይዞት የደም ግፊቱ የወደቀ ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ አንቲባዮቲክ ማግኘት አለበት። ሰፊ የሆነ፣ በመርፌ፣ ወዲያውኑ። ማጅራት ገትር ሲጠረጠርም እንደዚያው። እዚያ የላብራቶሪ ውጤት የሚጠብቅ ሐኪም በሽተኛውን ያጣዋል። የረሱት ግን ሁለት ነገር አለ። ከመድኃኒቱ በፊት፣ ካላዘገየ፣ ለካልቸር ደም ይወሰዳል። ውጤቱ ሲመጣ ደግሞ ሰፊው ቆሞ ጠባቡ ይቀጥላል። ሰፊ መጀመር የተፈቀደልን መልሰን እንድናጠብ ነው። ጽሑፉ የአደጋ ጊዜን ደንብ ወስዶ ለቶንሲል አወጀው።

«በሁለት ቀን ካልተሻለህ ወደሚቀጥለው ጠንካራ ቀይር»

በ48 እና በ72 ሰዓት መካከል በሽተኛውን እንደገና ማየት ደግ ነው። ካልተሻለው ግን የመጀመሪያው ጥያቄ «ቀጥሎ የትኛው መድኃኒት?» አይደለም። መድኃኒቱን በትክክል ወስዶታል? መግል ተቋጥሮ ይሆን? መግል ካለ ተከፍቶ ይፍሰስ፤ የትኛውም ክኒን አያደርቀውም። መጀመሪያውኑ ቫይረስ ነበር? ወይስ ሕመሙ ጭራሽ ሌላ ነው?

ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አልተማርኩትም። ወጣት ሐኪም ሳለሁ አንድ ጎልማሳ ሳል ይዞት መጣ። አሞክሳሲሊን ወስዶ አልተሻለውም ነበር። ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ቸኩያለሁ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባል የለ? ሌቮፍሎክሳሲን ጻፍኩለት፤ «ጠንከር ያለ ነው» አልኩት በገዛ አፌ። ተሻለው። አመስግኖኝ ሄደ። ከአምስት ሳምንት በኋላ ተመልሶ ሲመጣ ሸሚዙ ሰፍቶታል፣ ሌሊት ሌሊት ያልበዋል፣ አክታው ደም ነካ አድርጎታል። ቲቢ ነበር። ሌቮፍሎክሳሲን ቲቢንም በከፊል ይመታል፤ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ከሚታከምባቸው አንዱ ነው። ለጥቂት ጊዜ በሽታውን አፍኖ ደበቀብኝ። በእነዚያ አምስት ሳምንታት ሰውየው ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ነበር የሚያድረው።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ይዞ የሚመጣ ሰው ከእኔ እጅ መጀመሪያ የሚቀበለው የአክታ መስጫ ዕቃ ነው።